የክረምት እረፍት፦ ታዳጊዎቻችን በምን ያሳልፉት?



ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የሰኔን ፈተና ጨርሰው ካርድ የተቀበሉ ልጆች እስከ መስከረም ድረስ 60 ቀን ገደማ በእጃቸው አለ። በየቤቱ የሚሰማው ክርክርም የየዓመቱ ነው። አባት «ቁርኣን ቤት ይግባ» ይላል፤ እናት «ከዚህ ስልክ ላይ የሚነሳው መቼ ነው?» ትላለች፤ ልጁ ደግሞ «እረፍት አይደል እንዴ!» ብሎ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። የሦስቱም ነገር እውነት አለው። ዛሬ የምናወራው ከ13 እስከ 18 ዓመት ስላሉ ልጆች ነው። ለትንንሾቹ የሚሆነው መላ ሌላ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ እናቆየዋለን፣ ኢንሻአላህ።

በዲናችን ልጅ ባሊግ ሲሆን ሰላቱም፣ ጾሙም፣ ምላሱም በራሱ መዝገብ ይጻፋል። የ15 ዓመት ልጅ አላህ ፊት ሙከለፍ ነው፤ ቤት ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ምን እንደሚለብስ፣ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ፣ ክረምቱን የት እንደሚውል ሰው የሚወስንለት ሕፃን ነው። ዓመቱን ሙሉ ትምህርት ቤት ደወል ይደወልለታል፤ ክረምት ሲመጣ ደወሉን ወላጅ ይረከባል። ታዲያ ይህ ልጅ የራሱን ጊዜ ማስተዳደር የሚማረው መቼ ነው?

በሱረቱ ኒሳእ 6ኛው አያ ላይ አላህ አሳዳጊዎች የቲሞችን ለጋብቻ ዕድሜ እስኪደርሱ እንዲፈትኗቸው፣ ብስለት ካዩባቸውም ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸው አዟል። ደረሳዎቻችን የሚቀሩት የኢማም ነወዊ ሚንሃጅ ይህ ፈተና እንደየቤተሰቡ ሁኔታ እንደሚለያይ ይናገራል፤ የነጋዴ ልጅ በመግዛትና በመሸጥ፣ የገበሬ ልጅ በእርሻ ሥራ ይፈተናል። ፈተናውም ከባሊግነት በፊት እንደሚጀመር ተጠቅሷል። ፈተና ሲባል ወረቀትና እስክሪብቶ አይደለም። እውነተኛ ነገር በልጁ እጅ አስይዞ፣ አጠገቡ ቆሞ ማየት ነው። የክረምት እረፍት ለዚህ የተመቸ ጊዜ ነው ብለን እናምናለን።

መጀመሪያ ልጁን እንጠይቀው

ብዙ ወላጅ ከሁለት መንገድ አንዱን ይይዛል። አንዱ ልጁን ከጠዋት እስከ መግሪብ መድረሳና ማጠናከሪያ ትምህርት ያስገባዋል፤ ሌላው «ይረፍ» ብሎ ይተወዋል። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ በሁለቱም ቤት ልጁን የጠየቀው ሰው የለም።

ኢብራሂም (ዐ.ሰ) ልጃቸውን እንዲያርዱ በሕልም የታዘዙ ጊዜ ትእዛዙ ከአላህ ነበር። ያም ሆኖ ወደ ልጃቸው ሄደው «አንተስ ምን ታያለህ?» ብለው እንደጠየቁት ሱረቱ ሷፋት ይነግረናል። ለእንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ ልጅ ከተጠየቀ፣ ለሐምሌና ነሐሴ ፕሮግራም ሊጠየቅ የማይችልበት ምክንያት የለም።

አንድ ምሽት ከኢሻ በኋላ ስልኮች ሁሉ ከጠረጴዛው ተነስተው ቤተሰቡ ይቀመጥ። ወላጆች የማይደራደሩባቸውን ሁለት ነገሮች ያቅርቡ፦ ሰላት በወቅቱ፣ የቤት ሥራ ድርሻ። ልጁ ደግሞ በዚህ ክረምት ሊይዛቸው የሚፈልጋቸውን ሦስት ነገሮች ያምጣ። አንዱ የዲን፣ አንዱ የእጅ ወይም የአእምሮ፣ አንዱ ንጹሕ ጨዋታ ይሁን። ሦስተኛውን «ይህማ ምን ይረባል» ብሎ መሰረዝ አይፈቀድም። ስምምነቱ በልጁ እጅ ጽሑፍ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ አባት ያወጣው ደንብ እንዳይመስል ጽሑፉ የልጁ መሆኑ ይጠቅማል።

ጨዋታ ሐቅ ነው

አንዳንድ ቤት ጨዋታ እንደ ጥፋት ይታያል። ሶሒሕ በሆነው ዘገባ በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ይጫወቱ ነበር። አዎ፣ የእኛው ሐበሾች። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጅ እግር የነበሩትን ዓኢሻን (ረ.ዐ) ከኋላቸው አቁመው፣ ራሳቸው ከልለዋቸው ጨዋታውን አሳይተዋቸዋል። ጨዋታው ይብቃ ብለው አላቋረጡም፤ ዓኢሻ ራሳቸው እስኪሰለቹ ድረስ ቆመው ጠብቀዋል። ዓኢሻም (ረ.ዐ) በኋላ ይህን ሲያወሩ፣ ዕድሜዋ ገና የሆነና ጨዋታ የምትወድ ልጅ የሚያስፈልጋትን ልክ እንድንገምት ለአድማጮቻቸው አሳስበዋል።

ስለዚህ ኳሱ፣ ቴኳንዶው፣ ዋናው፣ ጠረጴዛ ቴኒሱ የመድረሳው ሽልማት ሆኖ ብቻ አይቅረብ፤ ለራሱ ቦታ ይኑረው። ክረምት ላይ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ልብስ ይቆሽሻል፤ ልብሱን ያቆሸሸው ይጠበው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአስለም ጎሳ ወጣቶች ቀስት ሲወዳደሩ አግኝተው እንዳበረታቷቸው ቡኻሪ ዘግበውታል። አባቶችም በሳምንት አንድ ቀን ሜዳ ዳር ቢቆሙ ልጆቹ የሚጫወቱት ከማን ጋር እንደሆነ ያለ ምርመራ ያውቃሉ።

አንድ ነገር ግን ሳንለው አናልፍም። በየሰፈሩ የተከፈተው የስፖርት ውርርድ ቤት የኳስ ጨዋታ አይደለም። የእንግሊዝ ቡድኖችን ውጤት ገምቶ ብር ማስያዝ በሱረቱል ማኢዳ የተከለከለው ቁማር ነው። ልጆች ይህን በስሙ ሲጠራ መስማት አለባቸው፤ «ኩፖን» ሲባል ቀላል ይመስላቸዋል።

የቁርኣኑ ድርሻ፣ በልክ

ዓመቱን ሙሉ ያልተቀራውን በሁለት ወር ለማካካስ ልጁን ቀኑን ሙሉ መድረሳ ማስቀመጥ በማስተማር ባሳለፍናቸው ዓመታት ደጋግመን ያየነው ነው። በሐምሌ ብዙ ይቀራል፤ መስከረም ላይ ግን ሙስሐፉን የሚከፍተው ጥቂቱ ነው። ለታዳጊ ጠዋት ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይበቃዋል፤ ግቡም ግልጽና ትንሽ ይሁን።

ሱረቱል ካህፍን እንውሰድ። 110 አያ ነው። በቀን ሁለት አያ የሚሐፍዝ ልጅ በ55 ቀን ይጨርሰዋል፤ ለክረምታችን ልክክ የሚል ቁጥር ነው። ምዕራፉ ራሱ ጌታቸውን ብለው ከሕዝባቸው ስለተለዩ ወጣቶች ይተርካል። ሙሳ (ዐ.ሰ) እውቀት ፍለጋ ያደረጉት ጉዞ አለበት፤ የሁለቱ አትክልቶች ባለቤትና የዙልቀርነይን ታሪክም አሉበት። ከሒፍዙ ጎን በየሳምንቱ ጁሙዓ አንዱን ታሪክ በአማርኛ ለቤተሰቡ የሚተርከው እሱ ቢሆን፣ አባትና እናት አድማጭ ይሆናሉ። ካህፍ የሚከብደው ሱረቱል ሙልክን ይያዝ፤ 30 አያ ነው፣ በሁለት ቀን አንድ አያ።

እዚህ ላይ በጣም የሚያሳስበን ሌላ ልጅ አለ። 16 ዓመት ሆኖት አሊፍ ባ ገና ያልጨረሰው። እንዲህ ያለ ልጅ ከምናስበው በላይ ብዙ ነው፤ ልጁም አያወራውም። ቁርኣን ቤት ሲላክ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር መሬት ላይ ተቀምጦ ቃዒዳ ይቀራል፤ የታናሽ ወንድሙ ጓደኛ ያርመዋል። በሦስተኛው ቀን «ሆዴን አሞኛል» ይላል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ አፍሮ ነው። ወላጅ ኡስታዙን ቀድሞ ያናግር፤ ከዙህር በኋላ ወይም ከፈጅር በኋላ ለብቻው ግማሽ ሰዓት ይለመንለት። እሱን የመሰሉ ሦስት አራት ልጆች ከተገኙ ደግሞ ራሱን የቻለ የትልልቆች ሐለቃ ይሆናል። በየመስጂዱ ያሉ ኮሚቴዎች ለዚህ አንድ ክፍልና አንድ ኡስታዝ ቢመድቡ ወጪው ትንሽ ነው። ቁርኣንን እየተንተባተበና እየከበደው ለሚቀራ ሁለት አጅር እንዳለው በሐዲስ መጥቷል፤ ይህን ሐዲስ ልጁ ከኡስታዙ አፍ ቢሰማው ያበረታዋል።

ለሴት ልጆች አንድ ጠቃሚ ነገር፦ ከረመዳን የቀረባቸውን ቀዷ ለማውጣት የሐምሌ ቀናት ይመቻሉ። ትምህርት የለም፣ ፀሐዩም አይበረታም።

ስልኩ

ስልክ መንጠቅ ለሦስት ቀን ይሠራል፤ ከዚያ የጓደኛ ስልክ ይገኛል። የክረምቱ ትልቅ ችግር ከስልኩ በላይ እንቅልፉ ነው። ልጁ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ቲክቶክ ላይ ይቆያል፣ ፈጅር ያልፈዋል፣ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ቀኑ እንዲሁ ያልቃል። ስለዚህ ደንቡ አንድና አጭር ይሁን፦ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ይሞላል፣ የአባትም ጭምር። አባት አልጋው ላይ ስልክ እያየ ልጁን «ተኛ» ቢለው ልጁ የሚማረው የሚያየውን ነው።

ስልኩም ሥራ ሊሠራበት ይችላል። ኢንተርኔት ለሚያገኝ ልጅ በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ«5 ሚሊዮን ኮደሮች» መርሐ ግብር የፕሮግራሚንግና የዳታ ሳይንስ ትምህርቶችን በነጻ ይሰጣል። ቋንቋ የሚማር ደግሞ ዘይድ ኢብን ሣቢትን (ረ.ዐ) ያስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ የ11 ዓመት ገደማ ልጅ ነበሩ፤ የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማሩ ታዘው በግማሽ ወር ገደማ እንደቻሉት ተዘግቧል። በ60 ቀን ዐረብኛ አይጨረስም፤ አፋን ኦሮሞም አይጨረስም። ከጎረቤት ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ገበያ ላይ ዋጋ ለመጠየቅ ግን ይበቃል።

የራሱ ብር፣ የራሱ ደብተር

ወደ ሚንሃጁ እንመለስ። ልጁን በመግዛትና በመሸጥ መፈተን የምንለው በዘመናችን እንዲህ ሊሆን ይችላል።

አባት 1,000 ብር ያወጣል። ልጁ ወይም ልጅቷ ሥራውን ይመርጣል፦ ሳምቡሳ ጠብሶ ለሰፈር ሱቅ ማስረከብ፣ ካልሲና ሶፍት ማዞር፣ ኬክ መጋገር፣ ነሐሴ ላይ በቆሎ እሸት መጥበስ። ውሉ ሙዷረባ ይሁን። ገንዘቡ ከአባት፣ ድካሙ ከልጁ፣ ትርፉ አስቀድሞ በተስማሙበት ድርሻ። እኩል ከተባለና 200 ብር ከተተረፈ መቶ መቶ ይካፈላሉ። ልጁ ሳያጠፋና ሳይዘናጋ ከከሰረ ኪሳራው የገንዘቡ ባለቤት ነው፤ ልጁ ድካሙን ብቻ ያጣል። «ቢከስርም ባይከስርም 1,100 ትመልስልኛለህ» የሚል ውል ግን ወለድ ነው፤ ይህን ልዩነት በስድስት ሳምቡሳ የተማረ ልጅ በኋላ ባንክ በር ላይ አይደናገርም።

ደብተሩ የግድ ነው። ዘይት ስንት፣ ምስር ስንት፣ ዱቄት ስንት፣ የተበላው ስንት። የተበላው በየቤቱ የሚዘለል መስመር ነው፤ እህት ወንድሞች «ለመቅመስ» የሚወስዱት የስንቱን ትርፍ እንደሚጨርስ ደብተሩ ያሳያል። ነቢዩላህ ዳዉድ (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር፣ ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ) በልጅነታቸው ለመካ ሰዎች በግ እንደጠበቁ በቡኻሪ ተዘግቧል። ሥራ የድሃ ልጅ ዕጣ ብቻ አይደለም።

ልጁ መርካቶ አጎቱ ሱቅ ወይም ጋራዥ ተቀጥሮ የሚውል ከሆነ ደግሞ ሕጉ ይታወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀጠርም። ከ15 እስከ 18 ያለው ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም አይሠራም። ለአጎትም ቢሆን ደመወዙ ሥራ ሳይጀመር ይነገር። «ልጃችን አይደል፣ እናስበዋለን» የሚባለው ነገር መጨረሻው ቅያሜ ነው።

ለሴቶቹስ እረፍት አለ?

ክረምት ለብዙ ሴት ልጆች ከትምህርት ቤት ወደ ማጀት መዘዋወር ነው። ወንድሟ ኳስ ሜዳ ሲውል እሷ እንጀራ ትጋግራለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ሕፃን ትይዛለች። ማታ ሁለቱም «ክረምቱን እንዴት ነው?» ተብለው ይጠየቃሉ። ይህን ከዲን ጋር የሚያያይዙትም አሉ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ግን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ሲጠየቁ ቤተሰባቸውን ያገለግሉ እንደነበር፣ የሰላት ወቅት ሲደርስ ወደ ሰላት ይወጡ እንደነበር መልሰዋል።

በዚህ ክረምት እያንዳንዱ ወንድ ልጅ ሦስት ነገር ይማር፦ ሽሮ መሥራት፣ ሩዝ መቀቀል፣ የራሱን ልብስ ማጠብ። በሳምንት ሁለት ቀን ማጀቱ የእሱ ይሁን። የእህቱ ሁለት ቀን ያኔ ነጻ ይሆናል፤ ቤተ መጻሕፍት ትሂድ፣ ልብስ ስፌት ትማር፣ ከጓደኞቿ ጋር ኡስታዛ ዘንድ ትቀራ። ወይም ትተኛ። መተኛትም የእረፍት ሥራ ነው።

ከቤት መውጣት

አዲስ አበባ ላሉ ልጆች አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ከ2014 ጀምሮ ክፍት ነው፤ የቆየው ወመዘክርም አለ። ብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽን ያሳያል። ጅማ ያሉ ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ይጎብኙ። ወደ ሐረር ዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ደግሞ የጀጎልን መስጂዶች ይቁጠር። ዩኔስኮ በአውሮፓውያኑ 2006 ጀጎልን ሲመዘግብ የጠቀሰው ቁጥር 82 ነው፤ ልጁ ስንቱን እንዳገኘ ይንገራችሁ። ባሌ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻ ግን ለበጋ ይቆይ፤ የወይብ ወንዝ በውስጡ ስለሚያልፍ ክረምት ላይ ውሃው ይሞላል።

የትም ሳይኬድ የሚሠራ ጉዞም አለ፤ እኛ ከሁሉም የምንወደው እሱን ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 የኢትዮጵያ ሙስሊሞች እኩልነትን ጠይቀው በአዲስ አበባ በገፍ ሰልፍ ወጡ። ዒዶቻችንና መውሊድ የሕዝብ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ቀን ወጣት የነበሩ ሰዎች ዛሬ አያቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ በየቤታችን ጥግ ተቀምጠው የሚጠይቃቸው አጥተዋል። ልጁ በስልኩ ድምፅ ይቅዳ፦ «አባባ፣ ያን ጊዜ የት ነበሩ? ከዚያ በፊት ዒድ እንዴት ይውል ነበር? የቀሩት ከየትኛው ሸኽ ዘንድ ነው?» የወሎ ቤተሰብ ከሆነ እናትና አያት የሚያውቁትን መንዙማ ይቅዳ። እንደ ሸኽ ጦልሃ ጀዕፈር ያሉ ዑለማዎች አማርኛን በዐረብ ፊደል፣ በዐጀም፣ ይጽፉ እንደነበር ሲሰማ «ታዲያ እኔስ ማንበብ እችላለሁ?» ማለቱ አይቀርም። ሣጥን ውስጥ የቆየ ኪታብ ካለ ገጹን ፎቶ አንስቶ ያስቀምጥ፤ እርጥብ እጅ ግን አይንካው። አስር የድምፅ ቅጂ ለአንድ ክረምት ብዙ ነው።

ከጂዳ፣ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ለክረምት የሚመጡ የአጎት ልጆች ያሉበት ቤት ደግሞ ሌላ ዕድል አለው። እነሱ ፊደል አይለዩም፤ የእኛዎቹ እንግሊዝኛና ዐረብኛ ያንሳቸዋል። በቀን አንድ ሰዓት ቢለዋወጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ፤ በአማርኛ ስህተታቸው መሳቅ ግን እንደሚያሳፍር ቀድሞ ይነገር።

ዝናቡንም አንርሳ። ሙስሊም ከተከለው ዛፍ ወፍም ሰውም እንስሳም ቢበላ ሰደቃ እንደሚሆንለት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ግቢ የሌለው በአሮጌ ጀሪካን ወይም በጆንያ ጎመንና ሰላጣ ይዝራ፤ የክረምቱ ውሃ ሥሩን እንዳያበሰብስ ከታች መብሳት ያስፈልጋል። በሁለት ወር ገደማ ውስጥ ቅጠሉ ለሰሃን ይደርሳል። የመጀመሪያው ለጎረቤት ይሂድ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ቤተሰቡ ያን ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ወረቀት አውርዶ አንድ ጊዜ ይየው። ያልሆነው ይሰረዝ፣ የበዛው ይቀነስ። ጳጉሜ ከመግባቷ ሳምንት በፊት መኝታና መነሻ ሰዓት ወደ ትምህርት ቤቱ ልክ ይመለስ። የሙዷረባው ሒሳብም ያኔ ይዘጋ፤ ደብተሩ ይነበብ፣ ትርፉ ይከፈል፣ ልጁም ከድርሻው ስንቱን ለደብተርና እስክሪብቶ፣ ስንቱን ለሰደቃ እንደሚያውል ራሱ ይወስን።